ከመጀመሪያው ቀለበት እስከ ክብ ዳንቴል፦ የኪሮሽ ሥራ ለጀማሪ

የኪሮሽ ሥራ ጫፉ መንጠቆ በሆነ አንድ አጭር ዘንግ፣ ቀለበትን በቀለበት ውስጥ እያሾለኩ ከክር ጨርቅ የማውጣት ሙያ ነው። በሶፋ መደገፊያ፣ በጠረጴዛ፣ በቡፌና በቴሌቪዥን ላይ የሚነጠፈው ዳንቴል በአብዛኛው የዚህ ሙያ ውጤት ነው። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ የረድፉ ቀለበቶች በሙሉ መርፌው ላይ ተደርድረው ይቆያሉ፤ አንዱ ካመለጠ ቁልቁል ይተረተራል። በኪሮሽ ሥራ ግን በማንኛውም ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚጠብቀው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ስህተት ከታየ ክሩን ስቦ እስከ ስህተቱ ድረስ መተርተር፣ ቀለበቱን መልሶ ኪሮሹ ላይ ማስገባትና ከዚያው መቀጠል ይቻላል። ክሩም አይበላሽም፣ የተሠራውም አይፈርስም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም።

ብዙ ሰው ጀምሮ የሚተወው ሥራው ስለሚከብድ ሳይሆን በተሳሳተው ጫፍ ስለሚጀምር ነው። ቤት ውስጥ ያየውን ዳንቴል ለመሥራት ቀጭን የጥጥ ክርና ከስኪኒ ብዙም የማይወፍር የብረት ኪሮሽ ይገዛል፤ ዓይን ቀለበቱን ለይቶ ሳያየው እጅ ሊይዘው ይታገላል፤ ከዚያ ሁሉም ነገር መሳቢያ ውስጥ ይገባል። የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ከወፍራም ክር ወደ ቀጭን፣ ከቀጥታ ረድፍ ወደ ክብ መሄድ ነው።

ክርና ኪሮሽ መምረጥ

ለመማሪያ የሚመቸው ክር መካከለኛ ውፍረት ያለው፣ ልስልስ ያለ፣ እኩል የተፈተለና ነጣ ያለ አንድ ቀለም ያለው ነው። በጥቁርና በጥልቅ ሰማያዊ ክር ላይ የጥልፎቹ ዓይን አይለይም። ፀጉራም ክር ቀለበቱን ይሸፍናል፤ ሲተረተርም እርስ በርሱ ይያያዛል። በገበያ በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ ዋጋው አይጎዳም፤ ትንሽ ስለሚለጠጥም ገና ያልተስተካከለ እጅን ይሸከማል። ጥጥ አይለጠጥም፣ እጅም ያደክማል፤ ነገር ግን ጥልፉን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ከምድጃ የወረደ ጀበና ወይም ድስት የሚያርፍበት ነገር ከአክሪሊክ ፈጽሞ መሠራት የለበትም፤ አክሪሊክ በሙቀት ይቀልጣል። ለዚህ ዓይነቱ ዕቃ ጥጥ ብቻ ነው የሚሆነው።

በክሩ ጥቅል ላይ ያለው ወረቀት ሳይነበብ መጣል የለበትም። ለክሩ የሚስማማው ኪሮሽ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው። ክሩ በየትኛው ዙር እንደተነከረ የሚያመለክት ቁጥርም ብዙ ጊዜ አለበት። አንድ ዓይነት የሚመስል ቀለም በሁለት የተለያዩ ዙሮች ሲነከር ትንሽ ይለያያል፤ ሱቅ ውስጥ የማይታየው ልዩነት አልጋ ልብስ ላይ ሲነጠፍ እንደ መስመር ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ ለትልቅ ሥራ የሚያስፈልገው ክር በሙሉ በአንድ ጊዜ፣ ቁጥሩ ተመሳክሮ ይገዛል።

ኪሮሽ በሁለት ወገን ይከፈላል። ከ2 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ወደ ላይ ያለው ከአልሙኒየም፣ ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት ይሠራል፤ ለወፍራም ክር ነው። ከዚያ በታች ያለው ከብረት ይሠራል፤ ለዳንቴል ክር ነው። ጀማሪ 5 ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ቢይዝ ይመረጣል፤ ክሩ ሳይያዝበት ይንሸራተታል። የኪሮሹን ጫፍ ቀረብ አድርጎ ማየት ይጠቅማል፦ መጀመሪያ መንጠቆው አለ፣ ከመንጠቆው ቀጥሎ ቀጠን ያለ ጉሮሮ፣ ከጉሮሮው በኋላ ሙሉ ውፍረቱን የያዘው አካል። የቀለበቱን መጠን የሚወስነው ይህ ሙሉ አካል ነው። አዲስ እጅ ቀለበቱን ጉሮሮው ላይ አስሮ ያጠብቀዋል፤ በሚቀጥለው ረድፍ መንጠቆው አልገባ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀለበቱ በየጊዜው ወደ ወፍራሙ አካል ተገፍቶ ከዚያ ላይ እንዲለካ ከተደረገ የችግሩ ግማሽ ገና ሳይጀመር ያልቃል።

ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገው መቀስ፣ ዓይኗ ሰፊ የሆነ ዱልዱም መርፌ፣ ሜትርና ሁለት ሦስት መርፌ ቁልፍ ብቻ ነው። መርፌ ቁልፉ የረድፍን መጀመሪያና መጨረሻ ምልክት ለማድረግ ያገለግላል።

አያያዝ

ኪሮሹ በቀኝ እጅ፣ እንደ እስክሪብቶ ወይም እንደ ቢላ ይያዛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የተሻለው ለእጅ አንጓ የማያደክመው ነው። ዋናው ሥራ ያለው ግን በግራ እጅ ነው። ከጥቅሉ የሚመጣው ክር በትንሿ ጣት ላይ አንዴ ይጠመጠማል፣ በቀጣዮቹ ሁለት ጣቶች ሥር ያልፋል፣ ከዚያ በጠቋሚው ጣት ላይ ይወጣል። አውራ ጣትና መሀል ጣት የተሠራውን ክፍል ከኪሮሹ ሥር ጠበቅ አድርገው ይይዛሉ። ጠቋሚው ጣት ቀና ሲል ክሩ ይወጠራል፤ ዝቅ ሲል ይለቃል። ክሩ በጣቶቹ መካከል ሳይቆም፣ ግን ሳይፈታም መንሸራተት አለበት። የጥልፍ እኩልነት የሚመጣው ከዚህ ነው፤ መንጠቆውን ከማፍጠን አይመጣም።

ግራኝ ሰው ሁሉንም ነገር ገልብጦ ይሠራል። ከቀኝ እጅ ሠሪ የሚማር ከሆነ ጎን ለጎን ከመቀመጥ ይልቅ ፊት ለፊት ቢቀመጥ የአስተማሪው እጅ መስታወት ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይታየዋል።

ሰንሰለት

ሥራው የሚጀምረው በሚሳብ ቋጠሮ ነው። ከክሩ ጫፍ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ተትቶ ክሩ በራሱ ላይ ተሻግሮ ቀለበት ይሠራል፤ ወደ ጥቅሉ የሚሄደው ክር በቀለበቱ ውስጥ እንደ ጆሮ ተስቦ ይወጣል፤ ጆሮው ኪሮሹ ላይ ገብቶ ይሳባል። ቋጠሮው ኪሮሹን ማነቅ የለበትም፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መንሸራተት ይኖርበታል።

ከዚያ ክሩ ከኋላ ወደ ፊት ኪሮሹ ላይ ይጠመጠማል፤ መንጠቆው ክሩን ይዞ በቀለበቱ ውስጥ ያልፋል። አንድ ሰንሰለት ተሠራ። መንጠቆው በሚያልፍበት ጊዜ ፊቱ ወደ ታች ቢዞር ቀለበቱን አይነክስም። ይህን ብቻ እየደጋገሙ ረጅም ገመድ መሥራት የመጀመሪያው ቀን ሥራ ነው። ገመዱ መጀመሪያ ላይ እዚህ ጠባብ፣ እዚያ ሰፊ ይሆናል። ተተርትሮ በዚያው ክር እንደገና ይሠራል፤ እጁ ሲለምድ ራሱ ይስተካከላል።

የሰንሰለት ቆጠራ ደንብ አለው፦ ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም፣ የመነሻው ቋጠሮም አይቆጠርም። በመካከላቸው በፊት ለፊት በኩል የሚታዩት የተሰካኩ ጎባጣ ዓይኖች ናቸው የሚቆጠሩት።

አጭር ጥልፍና የመጀመሪያው ካሬ

ለመጀመሪያው ካሬ 21 ሰንሰለት ይሠራል። ከኪሮሹ የመጀመሪያው ሰንሰለት ይዘለልና መንጠቆው ሁለተኛው ውስጥ ይገባል፤ ክር ተጠምጥሞ ይሳባል፤ አሁን ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት አለ። እንደገና ክር ተጠምጥሞ በሁለቱም ውስጥ በአንድ ጊዜ ያልፋል። ይህ አጭር ጥልፍ ነው። በየሰንሰለቱ አንድ እየተደረገ መጨረሻው ላይ ሲደረስ 20 ጥልፍ ይገኛል።

ሥራው ይገለበጥና አንድ ሰንሰለት ይሠራል። ይህ ሰንሰለት እንደ ጥልፍ አይቆጠርም፤ ኪሮሹን ወደ አዲሱ ረድፍ ከፍታ ለማድረስ ነው። ቀጣዩ አጭር ጥልፍ በረድፉ የመጀመሪያ ጥልፍ ላይ ይገባል። ከላይ ሲታይ እያንዳንዱ ጥልፍ ሁለት እግር ያለው አናት አለው፤ መንጠቆው በሁለቱም እግሮች ሥር መግባት አለበት። በአንዱ ብቻ ከገባ ጨርቁ ላይ ጎልቶ የሚታይ መስመር ይወጣል፤ ሆን ተብሎ ሲደረግ ውበት ነው፣ ሳይታሰብ ሲሆን ግን ሥራውን ያዛባል።

የመጀመሪያው ረድፍ ከሁሉም የሚያስቸግር ነው። የሚያዘው ነገር ቀጭን ሰንሰለት ብቻ ስለሆነ ይጠማዘዛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ረድፍ ሲያልፍ የሚጨበጥ ጨርቅ ይኖራል፤ እጅም ይረጋጋል። ተስፋ መቁረጥ ካለ እዚህ ቦታ ላይ ነው የሚመጣው። ሰንሰለቱን ከ5 ወደ 5.5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ቀይሮ መሥራትና ከዚያ ወደ 5 መመለስ የመጀመሪያውን ረድፍ በጣም ያቀለዋል።

ካሬው ወደ ላይ ሲሄድ እየጠበበ ከመጣ ጥልፍ እየጠፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው የረድፉ የመጀመሪያው ወይም የመጨረሻው ነው። እየሰፋ ከመጣ ደግሞ መዞሪያው ሰንሰለት እንደ ጥልፍ ተቆጥሮ በላዩ ላይ ተሠርቷል፣ ወይም በአንድ ዓይን ሁለት ጊዜ ተገብቷል። መድኃኒቱ በየረድፉ መጨረሻ 20 መቁጠር ነው። በአንደኛውና በ20ኛው ጥልፍ ላይ መርፌ ቁልፍ ከተሰካ የረድፉ ዳር አይሳትም። ከአሥር ረድፍ በኋላ የታየን ስህተት ለማረም አሥር ረድፍ መተርተር ይጠይቃል፤ በየረድፉ የሚቆጥር ሰው ግን ከአንድ ረድፍ በላይ አይተረትርም።

በዚህ ዓይነት በጥጥ ክር የተሠራ ካሬ የጀበና ወይም የድስት ማስቀመጫ ይሆናል፤ ረጅም ሆኖ በአክሪሊክ ከቀጠለ ሻርፕ ነው።

ረጅም ጥልፍ

ረጅም ጥልፍ የሚለየው መንጠቆው ከመግባቱ በፊት ክር አንዴ በመጠምጠሙ ነው። መንጠቆው ገብቶ ክሩን ሲያወጣ ሦስት ቀለበት ይሆናል። ክር ተጠምጥሞ በሁለቱ ያልፋል፤ ሁለት ይቀራል። እንደገና ተጠምጥሞ በቀሩት ሁለት ያልፋል። ጥልፉ ከአጭሩ ሁለት እጥፍ ገደማ ይረዝማል፤ ጨርቁ ቶሎ ያድጋል፣ ላላ ብሎም ይወድቃል።

ለ20 ረጅም ጥልፍ 22 ሰንሰለት ተሠርቶ ከኪሮሹ አራተኛው ላይ ይጀመራል፤ የተዘለሉት ሦስቱ የመጀመሪያው ጥልፍ ሆነው ይቆጠራሉ። ሲገለበጥ ሦስት ሰንሰለት ይወጣል፤ እነሱም አንድ ጥልፍ ናቸው። ስለዚህ ቀጣዩ ጥልፍ የሚገባው በሁለተኛው ዓይን ላይ ነው፤ በረድፉ መጨረሻ ደግሞ ባለፈው ረድፍ ሦስት ሰንሰለት አናት ላይ አንድ ጥልፍ ይሠራል። ይህ አናት ጥልፍ ስለማይመስል ይረሳል። የተረሳ እንደሆነ በየረድፉ አንድ ይጎድልና ጨርቁ ወደ ሦስት ማዕዘን ያዘነብላል። ከአጭር ጥልፍ በተለየ እዚህ መዞሪያው መቆጠሩን አስቀድሞ በእጅ ላይ ማስለመድ ያስፈልጋል።

ወደ ክብ መዞር

የዳንቴል መሠረቱ ክብ ነው። 5 ሰንሰለት ተሠርቶ መንጠቆው መጀመሪያው ሰንሰለት ውስጥ ይገባል፤ ክር ተጠምጥሞ በሁለቱም በአንድ ትንፋሽ ያልፋል። ይህ ማያያዣ ጥልፍ ሰንሰለቱን ቀለበት ያደርገዋል። ከዚያ 3 ሰንሰለት እንደ አንድ ጥልፍ፣ ቀጥሎ 11 ረጅም ጥልፍ መሀሉ ባዶ በሆነው ቀለበት ውስጥ ይሠራሉ፤ 12 ይሆናሉ። ዙሩ በሦስቱ ሰንሰለት አናት ላይ በማያያዣ ይዘጋል።

በሁለተኛው ዙር በየዓይኑ ሁለት ሁለት ይደረጋል፤ 24። በሦስተኛው አንድና ሁለት እየተፈራረቁ 36፣ በአራተኛው አንድ፣ አንድ፣ ሁለት እየተባለ 48። በየዙሩ 12 ይጨመራል ማለት ነው። በአጭር ጥልፍ ከሆነ የሚጨመረው 6 ነው። ምክንያቱ በክብ ባሕርይ ውስጥ ነው፦ ከመሀል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት በአንድ ሲያድግ የጠርዙ ዙሪያ በ6.28 ያድጋል። የአጭር ጥልፍ ቁመትና ስፋት ተቀራራቢ ስለሆነ 6 ያህል ይበቃዋል፤ ረጅሙ እጥፍ ስለሚሆን 12 ይጠይቃል። ይህን የተረዳ ሠሪ ንድፍ ባይኖረውም ዙሩን ራሱ ያሰላል።

ሲነጠፍ ጠርዙ እየተነሳ ሳህን ከመሰለ ጭማሪው አንሷል። ጠርዙ ከተሸበሸበ ጭማሪው በዝቷል። ይህ የኋለኛው በሒሳብ ትምህርት ውስጥም ገብቷል፦ ላትቪያዊቷ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና እ.ኤ.አ. በ1997 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በቀላሉ የማይገምቱትን ሃይፐርቦሊክ ጠለል በኪሮሽ ሠርታ አሳይታለች። ያደረገችው ነገር በእያንዳንዱ ረድፍ በተመሳሳይ ጥምርታ ጥልፍ መጨመር ነበር። ለጠረጴዛ ዳንቴል ግን መሸብሸብ የሚፈለገው በጠርዙ የመጨረሻ ዙር ላይ ብቻ ነው።

ቀጭን ክርና ንድፍ ማንበብ

ካሬውና ክቡ በወፍራም ክር ያለ ሐሳብ መሠራት ሲጀምሩ ወደ ዳንቴል ክር መሻገር ይቻላል። የዳንቴል ጥጥ በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። 10 ቁጥር ለመጀመሪያ ይመቻል፤ ከ1.25 እስከ 1.75 ሚሊ ሜትር ባለው የብረት ኪሮሽ ይሠራል። 20 ቁጥር ከዚያ ይቀጥናል። ብርሃን ከጎን በኩል መምጣት አለበት፤ ክሩ ነጭ ከሆነ ጭን ላይ ጠቆር ያለ ጨርቅ ቢነጠፍ ዓይኖቹ ጎልተው ይታያሉ። በዚህ ደረጃ ያለው ትዕግሥት ዋጋ ያለው ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የድንች በሽታ አየርላንድን ለረሃብ ሲዳርግ በቀጭን ክር የሚሠራ ዳንቴል ለብዙ ሴቶች የገቢ ምንጭ ሆኗል።

ከኢንተርኔትና ከውጭ መጽሐፍ የሚገኝ ንድፍ ሲነበብ አንድ ወጥመድ አለ። አሜሪካኖች ሲንግል ክሮሼ የሚሉትን አጭር ጥልፍ እንግሊዞች ደብል ክሮሼ ይሉታል፤ አሜሪካኖች ደብል የሚሉትን ረጅም ጥልፍ ደግሞ እንግሊዞች ትሬብል ይሉታል። ንድፉ ውስጥ ሲንግል ክሮሼ የሚል ካለ አሜሪካዊ ነው፤ በእንግሊዞቹ አጠራር ይህ ስም የለም። ይህ ሳይጣራ የተጀመረ ዳንቴል በሁለት እጥፍ ረዝሞ ወይም አጥሮ ይገኛል። በምልክት የተሳለ ንድፍ ከቋንቋ ነጻ ስለሆነ ለብዙዎች ይቀላል፦ ሞላላ ዜሮ ሰንሰለት ነው፣ ነጥብ ማያያዣ፣ የመስቀል ወይም የኤክስ ምልክት አጭር ጥልፍ፣ አናቱ ላይ አግዳሚ ኖሮት ወገቡ ላይ አንድ ጭረት ያለበት ቋሚ መስመር ረጅም ጥልፍ። ክቡ ከመሀል ጀምሮ ወደ ውጭ ይነበባል።

የሚለበስ ነገር ከሆነ ንድፉ በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ጥልፍ እንደሚጠበቅ ይናገራል። መሞከሪያ ካሬ ተሠርቶ ይለካል፤ ጥልፉ ከተባለው ከበዛ ኪሮሹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፣ ካነሰ ዝቅ ይላል። ለጠረጴዛ ልብስ ይህን መዝለል ይቻላል። ለሹራብ መዝለል ግን ልብሱን ለማንም የማይሆን ሊያደርገው ይችላል።

ጨርሶ መዝጋት

የመጨረሻው ጥልፍ ሲያልቅ ክሩ 15 ሴንቲ ሜትር ተትቶ ይቆረጣል፤ ጫፉ በመጨረሻው ቀለበት ውስጥ ተስቦ ይጠብቃል። ጫፉ በዱልዱሙ መርፌ በጀርባ በኩል በጥልፎቹ ሥር ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ሌላው ይሾልካል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ የተደበቀ ጫፍ በእጥበት ይወጣል። ቋጥሮ በአጭሩ መቁረጥም አይበጅም፤ ቋጠሮው ይፈታል።

ከእጅ የወጣ ዳንቴል ምንም ያህል ጥሩ ቢሠራ ትንሽ የተጨማደደ ነው። በለብ ያለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጨመቃል። ቀጥ ብሎ እንዲቆም ከተፈለገ ስታርች በተበጠበጠበት ውሃ ይነከራል። በስኳር ውሃ የሚያደርቁ ሰዎች አሉ፤ ይጠነክራል፣ ነገር ግን ጉንዳን ይጠራል። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ በተሸፈነ ፍራሽ ወይም ካርቶን ላይ ከመሀል ወደ ውጭ እየተዘረጋ የእያንዳንዱ ጠርዝ ጫፍ ዝገት በማይዝ ስፒል ይወጠራል፤ ተቃራኒ ጫፎች በተከታታይ ከተሰኩ ክቡ አይንጋደድም። የአክሪሊክ ሥራ በካውያ አይነካም፤ ረጥቦ ተዘርግቶ ብቻ ይደርቃል። የጥጥ ዳንቴል ከላዩ እርጥብ ጨርቅ ተደርጎ ሊተኮስ ይችላል። ስፒሎቹ የሚነቀሉት ሥራው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው፤ መሀሉ ትንሽ እርጥበት ይዞ ከተነቀሉ ጠርዙ ተመልሶ ይሸበሸባል፣ ውጥረቱም ከመጀመሪያው ይደገማል።